«ኦስት»፦ የጀርመንኛውን የምሥራቅ ቃል ከነሥሩ ማወቅና ጣና ዳር ላይ በትክክል መጠቀም

ባሕር ዳር ላይ ጀርመንኛ የሚማር ሰውም ሆነ የጀርመን እንግዶችን ይዞ ወደ ዘጌና ወደ ጢስ ዓባይ የሚወጣ አስጎብኚ ገና ከጅምሩ «ኦስት» ከሚለው ቃል ጋር ይገናኛል። መዝገበ ቃላት «ምሥራቅ» ብሎ ያልፈዋል። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ለሥራ ግን አይበቃም። ቃሉ አንድ ቦታ አቅጣጫ ነው፣ ሌላ ቦታ የአገር ስም፣ ሌላ ቦታ በዓል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ገና ያልሻረ የፖለቲካ ታሪክ። ካርታ ላይ በአንዲት ፊደል አጥሮ ሲጻፍ ደግሞ አንባቢውን በቀጥታ ወደ ምዕራብ የሚሰድበት ጊዜ አለ። ይህ መመሪያ ቃሉን ከሥሩ ይይዝና የሚያሳስትባቸውን ቦታዎች ያሳያል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወርና ቀኑ እንዲሁም ሰዓቱ በእኛው ነው።

መልኩና ድምፁ

ሙሉው ስም «ኦስተን» ነው። ተባዕታይ ጾታ ስላለው «ዴር ኦስተን» ይባላል። በአረፍተ ነገር ውስጥ «ኢም ኦስተን» ሲሆን በምሥራቅ፣ «ናኽ ኦስተን» ሲሆን ወደ ምሥራቅ፣ «አውስ ዴም ኦስተን» ሲሆን ከምሥራቅ ማለት ነው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት «ናኽ» ላይ ነው፤ አቅጣጫ ሲከተለው በመካከል «ዴም» አይገባም። አጭሩ «ኦስት» ከሌላ ቃል ጋር ተጣምሮ ይሠራል፦ «ኦስትቪንት» ከምሥራቅ የሚነፍስ ነፋስ ነው፣ «ኦስትኡፈር» ምሥራቃዊ ዳርቻ። «ኖርትኦስት» ልክ እንደኛው ሰሜን ምሥራቅ ሰሜኑን ያስቀድማል፤ እዚህ ላይ የሚያስቸግር ነገር የለም። ነፋስ የሚሰየመው በመጣበት ነው፤ «ኦስትቬርትስ» ግን የሚሄዱበትን ይናገራል፣ ወደ ምሥራቅ ማለት ነው። በጀልባ ጉዞ ላይ ሁለቱን ማደባለቅ አደጋ አለው።

ድምፁን በተመለከተ፣ «ኦስት» እና «ኦስተን» ላይ ያለችው «ኦ» አጭር ናት፣ ቶሎ ትዘጋለች። «ኦስተርን» ላይ ግን ትረዝማለች። ይህን ያልለየ ሰው ስለ ምሥራቅ ሲያወራ ሰሚው ስለ ፋሲካ ይመስለዋል። «ምሥራቃዊ» የሚለው ቅጽል «ኧስትሊሽ» ላይ ያለው አናባቢ በአማርኛ የለም። ምላስን «ኤ» ለማለት እንደሚያዘጋጁት ያዘጋጁና ምላሱን ሳያንቀሳቅሱ ከንፈርን ለ«ኦ» እንደሚያሞጠሙጡት ያሞጥሙጡ፤ ድምፁ ይወጣል። ኦስትሪያን የሚጠሩበት «ኧስተራይሽ» በዚሁ አናባቢ ይጀምራል፣ እዚያ ግን ይረዝማል።

ሥሩ ንጋት ነው

«ኦስት» የተገኘው «ንጋት» ወይም «ጎህ መቅደድ» የሚል ትርጉም ካለው እጅግ ጥንታዊ ሥር ነው። የላቲኑ «አውሮራ»፣ የግሪኩ «ኤኦስ»፣ የሳንስክሪቱ «ኡሻስ» ከዚያው ሥር የወጡ እህትማማቾች ሲሆኑ ሦስቱም ንጋትን ይጠራሉ። ጀርመንኛና ዘመዶቹ ቃሉን ከጊዜ ወደ ቦታ አሻገሩት፤ «ሲነጋ» የነበረው «የሚነጋበት ወገን» ሆነ። የፈረንሳይኛውና የስፓንኛው የምሥራቅ ቃልም ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የተወሰደ የዚሁ ቃል ልጅ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ቅዳሴ ማስታወስ ይበቃል። ዲያቆኑ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ሕዝቡ ወደ ምሥራቅ ይመለከታል። «ጽባሕ» ግዕዝ ነው፤ ንጋትም ነው፣ ምሥራቅም ነው። ክብራን ገብርኤልን ወይም ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለጀርመን እንግዳ ሲያስጎበኙ ስለ መቅደሱ አቅጣጫ ከተጠየቁ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ የእሱ «ኦስት» እና የእኛ «ጽባሕ» በአንድ መንገድ ተጉዘዋል። «ምሥራቅ» ራሱ ግን ሌላ መንገድ አለው። የወጣው «ሠረቀ» ከሚለው፣ ፀሐይ ወጣች ከሚባልበት ግስ ነው፤ ስለዚህ በትርጉሙ የሚገጥመው ጀርመኖች ከላቲን የወሰዱት «ኦሪየንት» ነው፣ እሱም «የሚወጣ» ማለት ነውና። በንጉሡ «ሠ» መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው። በእሳቱ «ሰ» የተጻፈው «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ ሥሩን ለሚያስረዳ ሰው ይህ ልዩነት መጥፋት የለበትም።

አንድ የጀርመንኛ ቃል «ኦስት» የሚል ድምፅ ስለያዘ ብቻ ከምሥራቅ ጋር አያዛምዱት። «ኦስቴኦፖሮዘ» የአጥንት መሳሳት ሕመም ነው፤ መነሻው አጥንትን የሚጠራው የግሪክ ቃል ነው፣ በሕክምና ቃላት መጀመሪያ ላይ የሚያዩት «ኦስቴኦ» ሁሉ ከዚያ ነው። «አውስተር» ደግሞ በዛጎል ውስጥ የሚኖር፣ የሚበላ የባሕር ፍጥረት ነው፤ እሱም ከግሪክ የመጣ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከ«ኦስት» ቀጥሎ ያለውን ቁራጭ ለብቻው ያንብቡት። «ቪንት»፣ «ኡፈር»፣ «ዜ» እንደሚሉት ራሱን የቻለ የጀርመንኛ ቃል ከሆነ አቅጣጫ ነው። ትርጉም አልባ ቁራጭ ከቀረ መዝገበ ቃላት ይክፈቱ።

ከሁሉ የሚያስገርመው የላቲኑ «አውስተር» ነው። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ከ«ኦስት» ሥር ጋር ያዛምዱታል፤ ትርጉሙ ግን የደቡብ ነፋስ፣ ደቡብ ነው። አውስትራሊያ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው። ኦስትሪያ ግን የጀርመንኛው የምሥራቅ ቃል በላቲን ልብስ ነው። ሁለቱ አገሮች በስም የሚቀራረቡት ለዚህ ሲሆን አንዷ የምሥራቅ፣ ሌላዋ የደቡብ ናት።

አቅጣጫ እንዲህ መዞሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጥንታዊው ግዕዝ «ሰሜን» ዛሬ ደቡብ ለምንለው ወገን ይውል ነበር፤ «ደቡብ» ደግሞ ለሰሜኑ። አክሱም ላይ ሆኖ ለሚያይ የሰሜን ተራሮች ከተከዜ ማዶ በስተደቡብ ናቸው። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ላይ ለቆመ ግን ያው ተራሮች በስተሰሜን ናቸው። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ደቡብ ሲወርድ ቃሉ ባለበት ቀረ፣ ትርጉሙ ዞረ። ስለዚህ የአቅጣጫ ቃል በተረጎሙ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ቆሞ ነው የተናገረው?» መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ወጥመዶች በሙሉ ማለት ይቻላል ይህን ባለመጠየቅ የሚመጡ ናቸው።

የጀርመንኛው የነፋስና የአቅጣጫ ስያሜ የቆየ መዝገብም አለው። በ814 የሞተው ንጉሥ ሻርለማኝ ለ12 ነፋሳት በገዛ ቋንቋው ስም እንዳወጣ ታሪኩን የጻፈው አይንሃርት ይናገራል። ከፀሐይ መውጫ የሚነፍሰው «ኦስትሮኒቪንት» ተባለ። ሚያዝያ አካባቢ ላለው ወርም «ኦስታርማኖት» የሚል ስም ሰጠው።

ፋሲካና ኦስትሪያ

«ኦስተርን» የፋሲካ ስም ነው። ከንጋት ሥር መሆኑ በሰፊው ተቀባይነት አለው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ኦስታራ» የምትባል የጀርመን አምላክ ነበረች፣ በዓሉም በእሷ ተሰየመ የሚለው ወሬ ላይ ነው። ማስረጃው እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ በ725 ስለ «ኤኦስትሬ» የጻፈው አጭር ቃል ነው፤ የጀርመኗን «ኦስታራ» ከዚያ ተነሥቶ በ1835 ያቀረባት ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያኮብ ግሪም ነው። እንግዳ ከጠየቀዎት «ከንጋት ጋር የተያያዘ ስም ነው» ብለው ያቁሙ።

«ኧስተራይሽ» በጽሑፍ የተገኘው በ996 በንጉሠ ነገሥት ኦቶ ሣልሳዊ ሰነድ ላይ፣ «ኦስታሪኪ» ተብሎ ነው፤ የምሥራቅ ግዛት ማለት ነው። ምሥራቅ የሆነው ለዛሬዋ ደቡብ ጀርመን ክፍል ለባቫርያ ነው።

ሰዓት አቅጣጫ ሲሆን

በ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመኖች ስለ ጎንደርና ስለ ጣና በጻፏቸው ጽሑፎች፣ እንዲሁም በሉተር መጽሐፍ ቅዱስ ላይ፣ «ኦስተን» በሚጠብቁበት ቦታ «ሞርገን» ያገኛሉ። ጥዋት ማለት ነው፤ እዚያ ግን ምሥራቅ ነው። «አቤንት» ምሽት ሲሆን ምዕራብ፣ «ሚታክ» ቀትር ሲሆን ደቡብ፣ «ሚተርናኽት» እኩለ ሌሊት ሲሆን ሰሜን ነው። መለያው «ጌገን» የሚለው ቃል ነው፤ «ጌገን ሞርገን» ቦታ ሲገልጽ ካገኙት «ጥዋት ገደማ» ሳይሆን «ወደ ምሥራቅ» ብለው ይተርጉሙ። ሰብአ ሰገል የመጡበት «ሞርገንላንት» የምሥራቅ አገር ነው።

«ሚታክ» ደቡብ የሆነው በጀርመን ሰማይ ነው። የጀርመን ልጆች ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፣ በደቡብ በኩል ትሄዳለች፣ በምዕራብ ትገባለች፣ በሰሜን ከቶ አትታይም የሚል ስንኝ ይማራሉ። ባሕር ዳር በ11°36′ ሰሜን ላይ ስለሆነች ይህ ስንኝ ለእሷ ዓመቱን ሙሉ አስተማማኝ አይደለም። ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ 16 ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል፣ ማለትም በሐይቁ ወገን ናት፤ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በእነዚህ ወራት የቀትር ፀሐይን ተከትሎ ደቡብን የሚፈልግ ወይም በእጅ ሰዓት ዘንግ አቅጣጫ የሚያወጣ እንግዳ ተቃራኒውን ያገኛል። በትሕትና ያርሙት።

«የሚነጋበት ወገን» ራሱም ቋሚ ነጥብ አይደለም። በመጋቢት 11 እና በመስከረም 12 ገደማ ፀሐይ በትክክለኛው ምሥራቅ ትወጣለች። በሰኔ 14 ገደማ ከዚያ 24 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ 12 ገደማ ደግሞ 24 ዲግሪ ወደ ደቡብ ትርቃለች። ክንድን ዘርግተው የጨበጡት እጅ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ልዩነቱ በየወገኑ ሁለት ጭብጥ ተኩል ነው። በሰኔ ጥዋት ፀሐይ የወጣችበትን ሥፍራ «ኦስት» ብሎ ያሳየ ሰው ከትክክለኛው ምሥራቅ ይልቅ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጠግቷል።

ትክክለኛውን «ኦስት» መሬት ላይ ለማስመር ዱላና ገመድ ይበቃል፦

1. ከደንገሉ ራቅ ብሎ ዳገት ቁልቁለት የሌለው ጥርግ ያለ መሬት ይምረጡ። 1 ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ ይትከሉ። ቀጥ ማለቱን በገመድ ጫፍ ድንጋይ አሥረው በሁለት ወገን ይለኩ።

2. ጥዋት 4፡30 ላይ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን በጠጠር ምልክት ያድርጉ። ጥላው እንደ ወሩ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይሆናል።

3. ገመዱን ከዱላው ሥር አሥረው እስከ ጠጠሩ ይለኩና በዚያ ልክ ዱላውን የሚዞር ክብ ይሥሩ።

4. ጥላው ወደ ቀትር እያጠረ ወደ ክቡ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ይረዝማል። ከሰዓት በኋላ ክቡን በነካበት ቅጽበት ሁለተኛ ጠጠር ያስቀምጡ።

5. ሁለቱን ጠጠሮች በቀጥታ መስመር ያገናኙ። የጥዋቱ ጠጠር ምዕራብ ነው፣ የከሰዓቱ ጠጠር ምሥራቅ ነው።

ሁለተኛው ጠጠር በ8፡30 አካባቢ ይጠበቃል፤ ቀኑን በሙሉ ቆሞ መጠበቅ አያስፈልግም። የሰዓታችን መለኪያ 45ኛው ኬንትሮስ ሲሆን ባሕር ዳር 37°23′ ላይ ናት፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ሲዘገይ የፀሐይ ቀትር በአማካይ 6፡30 ላይ ይውላል። በጥቅምት መጨረሻ እስከ 6፡14 ይቀድማል፣ በየካቲት መጀመሪያ እስከ 6፡45 ይዘገያል፤ ሁለተኛው ጠጠር ደግሞ የዚህን ልዩነት እጥፍ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ሥራውን የሚያበላሹት ያዘመመ ዱላና ተዳፋት መሬት ናቸው፤ ሁለቱም መስመሩን ያጣምማሉ፣ ሲጣመም ደግሞ በዓይን አያስታውቅም። በክረምት ደመናው የከሰዓቱን ጥላ ሊሰርቅዎ ስለሚችል ጥዋት በግማሽ ሰዓት ልዩነት ሦስት ጠጠሮችና ሦስት ክቦች ያዘጋጁ፤ ከሦስቱ አንዱ ይሳካል። የስልክ ኮምፓስ ይፈጥናል፤ ብረት ቀፎ ባለው ጀልባ ላይ ወይም ሞተር አጠገብ ግን አይመኑት።

በሐይቁ ውስጥ ወይስ ከሐይቁ ውጭ

አስጎብኚዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ምክንያቱም አማርኛችን «በጣና ምሥራቅ» ሲል ሁለቱንም ሊሸፍን ይችላል፣ ጀርመንኛ ግን ይለያል። «ኢም ኦስተን ዴስ ታናዜስ» ካሉ የሐይቁ አካል የሆነውን ምሥራቃዊ ክፍል ማለትዎ ነው፤ ጣና ቂርቆስ ያለው እዚያ ነው። «ኧስትሊሽ ዴስ ታናዜስ» ካሉ ከሐይቁ ውጭ በስተምሥራቅ ያለውን ማለትዎ ነው፤ ለምሳሌ ደብረ ታቦር። ተለዋውጠው ቢነገሩ ደብረ ታቦር ደሴት ይሆናል። ወደ አማርኛ ሲመልሱም የመጀመሪያውን «በሐይቁ ምሥራቃዊ ክፍል»፣ ሁለተኛውን «ከሐይቁ በስተምሥራቅ» ይበሉ፣ ያኔ ማንም አይሳሳትም።

ሰዋስዉ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል። አርቲክል (እንደ «ዴር» ያለ ከስም የሚቀድም ቃል) ያለው ስም ከሆነ አገናዛቢ ይከተላል፣ «ኧስትሊሽ ዴስ ታናዜስ» እንዳልነው። አርቲክል የሌለው የከተማ ስም ከሆነ «ፎን» ይገባል፣ «ኧስትሊሽ ፎን ባሕር ዳር»። በዚሁ መሠረት ባሕር ዳር «አም ዙድኡፈር» ናት፣ በደቡብ ዳርቻ። ዓባይ ሐይቁን «ኢም ዙድኦስተን» ይለቃል፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደግሞ «ዙድኧስትሊሽ ፎን ባሕር ዳር» ነው። ጎርጎራ «አም ኖርትኡፈር» ናት።

ምሥራቅ ያልሆነው ምሥራቅ

አንድ ጀርመናዊ «ኢሽ ኮመ አውስ ዴም ኦስተን» ካለዎት «ከምሥራቅ ነው የመጣሁት» ብለው አይተርጉሙ። ከ1949 እስከ 1990 ለብቻው አገር ከነበረው ከምሥራቅ ጀርመን ክፍል ነኝ ማለቱ ነው። ቃሉ እዚህ ላይ ኮምፓስን አይከተልም፤ ሙኒክ ከኤርፉርት ይልቅ ወደ ምሥራቅ ናት፣ ግን «ኦስተን» የምትባለው ኤርፉርት ነች። «ኦሲ» የሚለው ቅጽል ስምም ከዚህ የመጣ ነው። እርስ በርሳቸው ሲቀላለዱበት ቢሰሙ እንኳ እርስዎ አይጠቀሙበት፤ የሚቆጠቁጠው ሰው አለ።

«ኦስትዜ» በቃል በቃሉ የምሥራቅ ባሕር ነው፤ አማርኛው ባልቲክ ባሕር ነው፣ ከጀርመን የሚያዋስነውም በሰሜን በኩል ነው። «ናሄር ኦስተን» በቃሉ ቅርብ ምሥራቅ ቢሆንም በአማርኛ መካከለኛው ምሥራቅ ይባላል። «ኦስትአፍሪካ» እኛን ይጨምራል፤ «ዶይችኦስትአፍሪካ» ግን አይጨምርም። እሱ ከ1885 ጀምሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ ጀርመን የገዛችው የዛሬዎቹ የታንዛንያ ዋና ምድር፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ ነው።

አንዲቱ ፊደልና የድሮ ካርታዎች

በጀርመንኛ ካርታ ላይ ምሥራቅ በላቲኗ ክብ ፊደል፣ በ«ኦ»፣ ያጥራል። በጣልያንኛ ምዕራብ «ኦቬስት» ነው፤ ስለዚህ ያችው ፊደል በጣልያንኛ ካርታ ላይ ምዕራብ ናት። በፈረንሳይኛና በስፓንኛም እንዲሁ። በወረራው ዘመን ጣልያኖች የአገራችንን ካርታ አትመዋልና ሁለቱ ዓይነት ካርታ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊገናኝ ይችላል። የባሕር ዳርን 37°23′ «ኦ» እንደ ምዕራብ ያነበበ ሰው ከተማዋን አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ይጥላታል። የጀርመን መርከበኞችና የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ራሳቸው ይህን ሸሽተው በእንግሊዝኛው የምሥራቅ ፊደል ይጽፋሉ። ካርታ ሲያነሡ በመጀመሪያ የህዳግ ጽሑፉን ቋንቋ ይዩ፣ ፊደሏን ከዚያ በኋላ ያንብቡ። ፊደሏን ከዜሮ ጋር ማምታታትም አለ፤ በእጅ በተጻፈ ማስታወሻ ላይ ከቁጥሩ ትንሽ ራቅ አድርጎ ቃሉን ሙሉውን መጻፍ ይሻላል።

ፊደሏ ከገባችዎት በኋላ የሚቀረው «ከየት ወደ ምሥራቅ?» ነው። ኬንትሮስ ከዜሮ የሚቆጠርበት የእንግሊዙ የግሪኒች መስመር በ1884 በዋሽንግተን ጉባኤ ከመመረጡ በፊትና ከዚያም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የጀርመን ካርታዎች ከፌሮ ወይም ከፓሪስ ይቆጥሩ ነበር። ፌሮ በካናሪ ደሴቶች ውስጥ ያለች ደሴት ናት፤ መስመሯ ከግሪኒች 17°40′ ወደ ምዕራብ ነው። የፓሪስ መስመር ደግሞ ከግሪኒች 2°20′ ወደ ምሥራቅ ነው። ካርታው ከፌሮ የሚቆጥር ከሆነ 17°40′ ይቀንሱ፤ ከፓሪስ ከሆነ 2°20′ ይደምሩ። ባሕር ዳር አካባቢ በፌሮ 55°03′፣ በፓሪስ 35°03′ ሆና ትነበባለች፤ ሁለቱም ሲታረሙ 37°23′ ይመጣሉ።

መነሻው በካርታው ላይ ካልተጻፈ ባለበት የማይነቃነቅ ነገር ይፈልጉ፤ በጣና ላይ ምርጡ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍ ነው። የካርታውን ቁጥር ዛሬ ከሚታወቀው ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ከ17°40′ ወይም ከ2°20′ ጋር ከተቀራረበ መነሻውን አግኝተዋል፤ መላውን ካርታ በዚያ ያርሙ። ልዩነቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሆነ ካርታው ከግሪኒች የሚቆጥር ነው፣ ጉድለቱም የቀያሹ ነው፤ ያን ጊዜ ቁጥሩን እንዳለ ይተዉትና ቦታውን ከወንዙና ከባሕረ ገብ መሬቱ አንጻር ያንብቡት።